«ነጻ» የተባለው ሂሳብ፦ ድሃው ለባለጸጋው ሲከፍል



ሰሞኑን የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ከአንድ ባንክ የተላከልኝ ደብዳቤ እጄ ገባ። የተጻፈው በ2007 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ። ደብዳቤው «ክቡር ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል፤ «ከእኛ ጋር ስለሚሠሩ እናመሰግናለን» ብሎ ይዘጋል። በሰላምታውና በምስጋናው መካከል አንዲት ቁጥር ተቀምጣለች፤ 105 ዶላር።

ያን ጊዜ ዋሽንግተን ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት በሚገኝ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ እማራለሁ። ሂሳቤ ውስጥ 61 ዶላር ነበረኝ። ጠዋት በ2 ዶላር ከ75 ሳንቲም ቡና ገዛሁ፤ ቀጥዬ የ10 ዶላር ቤንዚን ቀዳሁ፤ ከሥራ ስወጣ የ18 ዶላር አስቤዛ ሸመትኩ። በዚያው ዕለት ማታ የስልክ ኩባንያው ወርኃዊ ክፍያውን፣ 55 ዶላር፣ ከሂሳቤ ጠየቀ። የጎደለብኝ በጠቅላላው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው።

ነገሮቹ በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ቢመዘገቡ ኖሮ ቡናው፣ ቤንዚኑና አስቤዛው በሰላም አልፈው የስልኩ ክፍያ ብቻ ገንዘብ ያጥረው ነበር፤ ቅጣቱም አንድ ጊዜ 35 ዶላር በሆነ። ባንኩ ግን ትልቁን ክፍያ ከላይ፣ ትንንሾቹን ከታች አድርጎ ደረደራቸው። የስልኩ ክፍያ ቀድሞ ሂሳቤን ወደ 6 ዶላር አወረደው፤ ከዚያም አስቤዛው፣ ቤንዚኑና ቡናው እያንዳንዳቸው 35 ዶላር አስቀጡኝ። የጎደለው ገንዘብ ያው ነው፤ ቅጣቱ ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። የ412 ዶላር የደመወዝ ቼኬ በገባ ጊዜ ለኪራይ፣ ለትምህርትና ለሀገር ቤት የተረፈኝ 282 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ አይደለምን?

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህንን የምነግርህ አዝነህ እንድታጽናናኝ አይደለም። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ አልተቆጣሁም፤ ያደረግሁት ማፈር ነው። ደብዳቤውን አጥፌ ከመጽሐፍ ውስጥ ሸሸግሁት፤ አብሮኝ ለሚኖረው ወንድሜ እንኳ አልነገርኩትም። ገንዘቡን ያላወቀበት፣ ሳንቲሙን ያልቆጠረ ሰነፍ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። በኋላ ስመረምረው ግን ይህ ሀፍረት የእኔ ብቻ እንዳልነበረ፣ እንዲያውም የአንድ ግዙፍ ንግድ የማዕዘን ድንጋይ እንደነበረ ተረዳሁ። የዛሬው ጽሑፌም የዚያን ንግድ ታሪክ ባጭሩ ለመተረክ የተነሣ ነው።

የክፍያው አመጣጥ

የባንክ ሂሳብ ክፍያ እንደ ዝናብና እንደ ድርቅ ከሰማይ የወረደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ታሪኩ ሌላ ይላል። በአሜሪካ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ከደረሰ በኋላ በ1933 የወጣው የባንክ ሕግ ባንኮች በተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላይ ወለድ እንዳይከፍሉ ከለከለ፤ ለቁጠባ በሚከፍሉት ወለድም ላይ ጣሪያ እንዲደረግ ፈቀደ። ባንኮቹ በወለድ መፎካከር ስላልቻሉ ደንበኛን የሚስቡት በአገልግሎት ነበር፤ ቅርንጫፍ በየሰፈሩ ይከፍታሉ፣ ሂሳብ ለሚከፍት ሰው የቤት ዕቃ በስጦታ ይሰጣሉ፣ አገልግሎቱንም ከዋጋው በታች ያቀርባሉ።

በ1970ዎቹ የዋጋ ንረት ሲበረታ ይህ ሥርዓት ተናጋ። በ1980 የወጣ ሕግ የወለድ ጣሪያው ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ አዘዘ፤ በ1986ም ተጠናቀቀ። ለቆጣቢው ይህ መልካም ዜና ነበር፤ ገንዘብ ያለው ሰው ለገንዘቡ ተገቢውን ወለድ ማግኘት ጀመረ። ነገር ግን ባንኩ ለባለ ገንዘቡ የሚከፍለው ሲጨምር የሚጎድለውን ከሌላ ቦታ መሙላት ነበረበት። ትንሽ ተቀማጭ ያላቸው ሂሳቦች «የማያዋጡ» ተባሉ። ዝቅተኛ ተቀማጭ፣ ወርኃዊ ክፍያ፣ የቼክ ክፍያ የሚባሉት ነገሮች በ1980ዎቹ እየተስፋፉ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው። ነገሩ አሳሳቢ ከመሆኑ የተነሣ እንደ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ያሉ ክፍለ ግዛቶች በ1990ዎቹ ባንኮች ለዝቅተኛ ገቢ ሰው የሚሆን አነስተኛ ክፍያ ያለው መሠረታዊ ሂሳብ እንዲያቀርቡ በሕግ እስከ ማስገደድ ደርሰዋል።

የወርኃዊ ክፍያውን አሠራር አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንመልከተው። በትልልቆቹ ባንኮች ለብዙ ዓመታት የተለመደው 12 ዶላር ነበር፤ 1,500 ዶላር ያህል በሂሳቡ ያስቀመጠ ሰው ግን ምንም አይከፍልም። በዓመት ሲሰላ 144 ዶላር ይሆናል። በሂሳቡ በአማካይ 300 ዶላር ያለው ሰው ከያዘው ገንዘብ ግማሽ የሚጠጋውን በየዓመቱ ይከፍላል ማለት ነው። ባለ 1,500 ዶላሩ ጎረቤቱ በዚያው ቅርንጫፍ፣ በዚያው መስኮት፣ ከዚያው ሠራተኛ ፊት ቆሞ በነጻ ይስተናገዳል። ግብር ሰብሳቢ መንግሥት «ሀብታሙ ነጻ ነው፤ ድሃው ይክፈል» ብሎ አዋጅ ቢያወጣ ምን እንደምንል እናውቃለን። ባንክ ሲለው ግን «የአገልግሎት ውል» ብለን እንፈርማለን።

«ነጻ» ሂሳብ እንዴት ነጻ ሆነ?

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ አንድ የሚያስደስት የሚመስል ለውጥ መጣ። በየባንኩ መስኮት ላይ «ነጻ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። እኔም በዚያ ማስታወቂያ ገብቼ ነው ሂሳብ የከፈትኩት። ባንኮቹ ቸር ሆነው ይሆን? አልሆኑም፤ ገንዘቡ የሚገኝበትን ሌላ ምንጭ አግኝተው ነው።

ቀደም ሲል አንድ ሰው በሂሳቡ ከሌለው ገንዘብ በላይ ቼክ ቢጽፍ፣ ይከፈል ወይስ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ደንበኛውን ያውቀዋል፣ ሰው አይቶ ይፈርዳል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህ ውሳኔ ለኮምፒዩተር ተሰጠ። ኦቨርድራፍት የሚባለው ነገር አልፎ አልፎ የሚደረግ ውለታ መሆኑ ቀርቶ የታቀደ የገቢ መስመር ሆነ። የዴቢት ካርድ ሲስፋፋ ደግሞ ሰው በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ካርዱን የሚጠቀም በመሆኑ የመቀጫው አጋጣሚ በዚያው መጠን በዛ። ካርዱ ገንዘብ ሲያጥረው «የለህም» ብሎ መመለስ ይችል ነበር፤ ቡናውን ትቼ በሄድኩ ነበር። ያልመለሰው መመለስ ስለማይችል ሳይሆን ባይመልስ ስለሚያተርፍ ነው።

ይህን የምለው በስሜት እንዳይመስል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያጠናውን ልጥቀስ። የአሜሪካ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ በዴቢት ካርድ ምክንያት ከሚጣሉት የኦቨርድራፍት ቅጣቶች አብዛኞቹ በ24 ዶላርና ከዚያ በታች በሆኑ ግዢዎች ላይ የተጣሉ መሆናቸውን አረጋገጠ። አብዛኛው ሰው ጉድለቱን በሦስት ቀን ውስጥ ይሸፍናል፤ ማዕከላዊው ቅጣት ደግሞ 34 ዶላር ነበር። አንድ አበዳሪ 24 ዶላር ለሦስት ቀን አበድሮ 34 ዶላር ቢያስከፍል ዓመታዊ ወለዱ 17,000 በመቶ እንደሚሆን ቢሮው አስልቷል። በሀገራችን አራጣ አበዳሪ ሲባል ፊታችን ይጠቁራል፤ ይህን ያህል የጠየቀ አራጣ አበዳሪ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በ2017 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ዓይኔን የገለጠልኝን ቁጥር አገኘሁ። በዓመት ከ10 ጊዜ በላይ ሂሳባቸው የሚጎድልባቸው ደንበኞች ከሁሉም ሂሳቦች 9 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ከኦቨርድራፍትና ከመሰል ቅጣቶች 79 በመቶ ያህሉን የሚከፍሉት ግን እነርሱ ናቸው። እንግዲህ የ«ነጻ» ሂሳቡ ምስጢር ይኸው ነው። ለብዙዎቹ ነጻ የሆነው ጥቂቶቹ ስለከፈሉላቸው ነው። ከመቶ ሰው ዘጠኙ፣ ያውም ከሁሉ ያነሰ ገንዘብ የያዙት፣ ለቀሩት ግብዣውን ይከፍላሉ፤ የተጋበዙት ደግሞ ማን እንደጋበዛቸው አያውቁም።

ፍርድ ቤትና ሕግ

የእኔን ሂሳብ ያገለባበጠው የአደራደር ዘዴ የአንድ ባንክ ብልሃት አልነበረም። በካሊፎርኒያ በዌልስ ፋርጎ ላይ የቀረበውን የጋራ ክስ የመረመሩት የፌዴራል ዳኛ ዊልያም አልሰፕ በ2010 ባንኩ ክፍያዎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረድረው የቅጣቱን ቁጥር ለማብዛት መሆኑን አምነው ወደ 203 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ፈረዱ፤ ክርክሩ በይግባኝ ተጓትቶ ያለቀው የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አላይም ባለበት በ2016 ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካም በተመሳሳይ ክስ በ2011 410 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ተስማማ።

በሕግ በኩልም እንቅስቃሴ ነበር። ፌዴራል ሪዘርቭ በ2009 ያወጣውና በ2010 ክረምት ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ደንበኛው አስቀድሞ ፈቃዱን ካልሰጠ በስተቀር በኤቲኤምና በአንድ ጊዜ የዴቢት ካርድ ግዢ ላይ የኦቨርድራፍት ቅጣት እንዳይጣል ከለከለ። መልካም ነበር። ባንኮቹ ግን ወዲያው ደንበኞቻቸው «ካርድዎ እንዳይከለከል» በሚል ማግባቢያ ፈቃድ እንዲሰጡ መጎትጎት ያዙ። አጋዡ ማን እንደሆነና ታጋዡ ማን እንደሆነ ያልገባው ብዙ ሰው ፈረመ።

በ2011 ደግሞ በሴናተር ዲክ ደርቢን ስም የሚጠራው ድንጋጌ ትልልቅ ባንኮች ካርድ በተጠቀምን ቁጥር ከነጋዴው የሚወስዱትን ክፍያ ገደበ። ባንኮቹ የጎደለባቸውን ለመሙላት ፊታቸውን ወደ ደንበኛው አዞሩ፤ «ነጻ» የሚለው ማስታወቂያም ከብዙ መስኮቶች ላይ ወረደ። በዚያ ዓመት መስከረም ባንክ ኦፍ አሜሪካ በዴቢት ካርድ ለሚጠቀም ደንበኛ ሁሉ በወር 5 ዶላር ሊያስከፍል ማቀዱን አስታወቀ። ከዚያ የሆነው ለታሪክ ተማሪ ብዙ ያስተምራል። እዚሁ ዋሽንግተን የምትኖር፣ በሁለት ትንንሽ ሥራ የምትተዳደር የ22 ዓመት ወጣት በኢንተርኔት የጀመረችው የተቃውሞ ፊርማ ከ300,000 በላይ ሰው ተቀበለው፤ ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ አስተያየት ሰጡበት፤ ባንኩም በኅዳር መጀመሪያ ዕቅዱን ሰረዘ።

እስቲ እናስተውል። 5 ዶላር ሀገር አናወጠ፤ 35 ዶላር ግን ዓመታት ሙሉ በጸጥታ ሲሰበሰብ ኖረ። ለምን? አምስቱ ዶላር በሁሉም ላይ ስለተጣለ፣ የሚናገር አፍና የሚሰማ ጆሮ ያለውን መካከለኛ መደብ ስለነካ ነው። ሠላሳ አምስቱ ዶላር ግን የወደቀው በዘጠኙ ላይ ነው፤ እነርሱም እንደ እኔ ደብዳቤውን አጥፈው መጽሐፍ ውስጥ ሸሸጉት። ለሁሉም የተከፋፈለ ክፍያ ቁጣን ይወልዳል፤ በጥቂቶች ላይ የተከመረ ክፍያ ግን ሀፍረትን ይወልዳል። የተቆጣ ሰው ይጮኻል፤ ያፈረ ሰው ዝም ይላል።

ከባንክ ውጭ የሚቀር ሰው

በዚያው መኪና ማቆሚያ አብረውኝ የሚሠሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ብለን የምንጠራቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሀገር ቤት መምህር ነበሩ። ጋሼ የባንክ ሂሳብ አልነበራቸውም። በየሁለት ሳምንቱ የምትደርሳቸውን ወደ 600 ዶላር የምትጠጋ ቼክ ወስደው ቼክ በሚመነዝር ሱቅ ይመነዝራሉ፤ ሱቁ ከመቶ ሁለት ይቆርጣል። ከተረፈው የዕቁባቸውን ያስገባሉ፣ ኪራያቸውን በመኒ ኦርደር ይከፍላሉ። እኔ የተማርኩ መስሎኝ አንድ ቀን፦

«ጋሼ፣ ለምን የባንክ ሂሳብ አይከፍቱም? በየጊዜው 12 ዶላር ለዚህ ሱቅ መስጠት አይቆጭዎትም?» አልኳቸው። በዓመት 26 ጊዜ ሲደጋገም 312 ዶላር እንደሚሆንም አስልቼ ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ ሳቅ ብለው፣ «ሱቁ የሚወስድብኝን ፊት ለፊት ነግሮኝ ነው የሚወስደው። ባንኩ ግን ከወሰደ በኋላ ነው በደብዳቤ የሚነግረኝ።»

ያን ጊዜ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ ግን ጋሼ ከእኔ የተሻለ የሂሳብ ሰው እንደነበሩ ገባኝ። ለድሃ ሰው ከክፍያው ብዛት ይልቅ የሚያጠፋው ክፍያው መቼና ስንት ሆኖ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። 12 ዶላር ታቅዶ ይከፈላል፤ ሳይታሰብ የመጣ 105 ዶላር ግን ኪራይ ያስቀራል። ኪራይ ሲቀር የቤቱ ባለቤት ሌላ ቅጣት ይጨምራል፤ ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይህ ነው። ሂሳቡን መሸፈን ያልቻለ ሰው ሂሳቡ ይዘጋበታል፤ ስሙም ባንኮች በሚጠቀሙበት ቼክስሲስተምስ በተባለ መዝገብ ላይ እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ባንክ ቢያንኳኳ ደጁ ይዘጋበታል። ስለዚህ «ለምን ከባንክ ውጭ ሆኑ?» ብለን ከምንጠይቃቸው ሰዎች መካከል የነበሩና የተባረሩም አሉ።

የፌዴራል ተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅት ከ2009 ጀምሮ ይህን በየሁለት ዓመቱ ያጠናል። በ2011 ምንም ዓይነት የባንክ ሂሳብ የሌላቸው ቤተሰቦች 8.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2023 ወደ 4.2 በመቶ ወርደዋል፤ አሁንም ግን 5.6 ሚሊዮን ቤተሰብ ማለት ነው። ከነጮች 1.9 በመቶው፣ ከጥቁሮች ግን 10.6 በመቶው ሂሳብ የላቸውም። ሰዎቹ ምክንያታቸውን ሲጠየቁ በቀዳሚነት ደጋግመው የሚሰጡት መልስ «ዝቅተኛውን ተቀማጭ የሚያሟላ ገንዘብ የለኝም» የሚል ነው። ሰነፎች ነን፣ ባንክ አናውቅም አላሉም።

ሁለት የቆዩ ትምህርቶች

የድሃ ሰው ገንዘብ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከእኛ ስደት በፊት የተጠየቀ ነው። በዋሽንግተን ከነጩ ቤት አጠገብ በፔንሲልቬኒያ ጎዳና የሚያልፍ ሰው በ2016 «የፍሪድማንስ ባንክ ሕንፃ» ተብሎ የተሰየመ የግምጃ ቤት ሕንፃ ያያል። ስሙ መታሰቢያ ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ጥሪታቸውን የሚያስቀምጡበት የፍሪድማንስ ቁጠባ ባንክ በመጋቢት 1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን በፈረሙት ሕግ ተቋቋመ፤ 37 ቅርንጫፎችም ከፈተ። ብዙዎቹ ቆጣቢዎች መንግሥት ዋስ የሆነላቸው መስሏቸው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ከ1870 በኋላ ሹማምንቱ ገንዘቡን አደገኛ ብድር ላይ አዋሉት፤ የ1873 የገንዘብ ቀውስ ሲጨመርበት ባንኩ ተንገዳገደ። በመጨረሻው ሰዓት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙት ስመ ጥሩው ፍሬድሪክ ዳግላስ የራሳቸውን 10,000 ዶላር ቢያስገቡም አላዳኑትም። በ1874 ሲዘጋ 61,144 ቆጣቢዎች ወደ ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘባቸው ተያዘ። የጥቁር አሜሪካዊው የባንክ ጥርጣሬ ከየት መጣ ለሚል ሰው መነሻው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት የፈረሙት ሕግ የፖስታ ቤት ቁጠባን አቋቋመ፤ በጥር 1911 ሥራ ጀመረ። ሂሳቡ በ1 ዶላር ይከፈታል፤ አንድ ዶላር ላልሞላለት ሰው ደግሞ ባለ 10 ሳንቲም የቁጠባ ቴምብር ነበር። ወለዱ 2 በመቶ ሲሆን ዋሱ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተቀመጠው ገንዘብ አብዛኛው የስደተኞች ነበር፤ በሀገራቸው ፖስታ ቤትን ማመን የለመዱ ጣሊያናውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ሩሲያውያን። ከ1929 ውድቀት በኋላ ባንኮች ሲዘጉ ሕዝቡ ወደ ፖስታ ቤት ጎረፈ፤ በ1947 ከአራት ሚሊዮን በላይ ቆጣቢዎችና ወደ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ተቀማጭ ነበረው። ኋላ ባንኮች የመንግሥት መድን ስላገኙና የተሻለ ወለድ መስጠት ስለጀመሩ እየደከመ ሄዶ በ1966 ገንዘብ መቀበል አቆመ፤ በ1967 በይፋ ተዘጋ።

ልብ በሉ፤ ሲዘጋ «ባንኮች አሉ፣ አያስፈልግም» ተብሎ ነው። ከአሥራ ጥቂት ዓመታት በኋላ ባንኮቹ ትንንሾቹን ሂሳቦች «አያዋጡም» ሲሉ የሚመለሱበት ፖስታ ቤት አልነበረም። በ2021 የፖስታ አገልግሎቱ ዋሽንግተንንና ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ፎልስ ቸርችን ጨምሮ በአራት ከተሞች ቼክ መንዝሮ በካርድ የመስጠት ሙከራ አድርጎ ነበር። ያለ በቂ ማስታወቂያ፣ በ5 ዶላር ከ95 ሳንቲም ክፍያ የተጀመረ ስለነበር የተጠቀመበት ሰው እጅግ ጥቂት ሆኖ ከሸፈ። ሙከራው እንዲሳካ ታስቦ ነበርን? ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

«ባንክ የበጎ አድራጎት ድርጅት አይደለም»

ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ቀላልም አይደለም። ባንክ ሠራተኛ፣ ሕንፃና ኮምፒዩተር አለው፤ ሂሳብ መያዝ ወጪ አለው፤ ሰውም ለሚያጠፋው ገንዘብ ራሱ ኃላፊ ነው ይባላል። ደግሞም ቅጣቱ ቢቀር ባንኮች ድሃውን ጭራሽ አናስተናግድም ይላሉ፣ የሚጎዳው እርሱ ነው የሚሉ የኢኮኖሚ ሰዎች አሉ።

ወጪው መኖሩን አልክድም። ጥያቄዬ ወጪው በማን ላይ ይውደቅ የሚል ነው። ትንቢቱን ግን ያለፉት ጥቂት ዓመታት ፈትነውታል። ካፒታል ዋን በ2021 መጨረሻ የኦቨርድራፍት ቅጣትን እንደሚያስቀር አስታወቀ፤ ሲቲባንክ በ2022 ተከተለ፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ከ35 ወደ 10 ዶላር አወረደው። ከትንንሾቹ በስተቀር ባንኮች በ2019 ከዚህ ምንጭ ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝተው ነበር፤ በ2023 ወደ 5.8 ቢሊዮን ወርዷል። ባንኮቹ አልፈረሱም። ከባንክ ውጭ የሆነው ሕዝብም በእነዚያው ዓመታት ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። በወር ከ5 ዶላር የማይበልጥ ክፍያ ያላቸውና ኦቨርድራፍት የማይፈቅዱ «ባንክ ኦን» የተባሉ ሂሳቦችም በብዙ ባንኮች ይገኛሉ። ይቻል ነበር ማለት ነው። በ2007ም ይቻል ነበር።

ይሁን እንጂ በፈቃድ የተሰጠ ነገር በፈቃድ ይወሰዳል። የሸማቾች ጥበቃ ቢሮው በታኅሣሥ 2024 ትልልቅ ባንኮች የኦቨርድራፍት ቅጣታቸውን ወደ 5 ዶላር ወይም ወደ ትክክለኛ ወጪያቸው እንዲያወርዱ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ደንቡ ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረስ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በግንቦት 2025 ፈረሙበት። ዘጠኙ ሰዎች እንደገና ድምፅ አልነበራቸውም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምንድን ነው? አንደኛ፣ በዚህ ሀገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ከዘጠኙ መካከል ነበርን፣ አንዳንዶቻችን ዛሬም ነን። ዕቁባችን ክፍያ የማይጠይቅ፣ በእምነት የቆመ ታላቅ ተቋም ነው፤ ግን ቤት ለመግዛት የሚያስፈልግ የብድር ታሪክ አይሰጥም፤ የዕቁቡ ዳኛም የመንግሥት መድን የለውም። ስለዚህ መሸሽ ብቻ መልስ አይሆንም፤ ያለ ኦቨርድራፍት የሚሠራ ሂሳብ መጠየቅ፣ ቀድሞ የሰጠነውን ፈቃድ ማንሣት፣ አዲስ ለሚመጣ ወገን ይህንን መንገር ይገባል። ሁለተኛ፣ በሀገር ቤት ባንክና የሞባይል ገንዘብ በፍጥነት እየተስፋፉ ነው፤ ቴሌብር እንኳ ሥራ የጀመረው በ2021 ነው። በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ የምትቆረጥ ጥቂት ብር ለነጋዴው ምንም ናት፤ ለልጇ መቶ ብር ለምትልክ እናት ግን ምንም አይደለችም። የክፍያው ሰንጠረዥ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ እርሷን የሚያስታውስ ሰው መኖር ያለበት ዛሬ ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ለማስፋቅ እዚህ ስንት ዓመት እንደፈጀ አይተናል።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ይህን ደብዳቤ ባሳያቸው ምን ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ «ነግሬህ አልነበር?» ይሉኝ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ያልመለስኩትን አሁን እመልስላቸዋለሁ፦ ነግረውኝ ነበር፣ ጋሼ፤ ያልነገርኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ከመጽሐፍ ውስጥ የተደበቀውን ወረቀት ዛሬ አደባባይ ያወጣሁት ለዚህ ነው። እናንተም በየመጽሐፋችሁ መካከል የታጠፈ ደብዳቤ ካላችሁ አውጡት፤ ሀፍረቱ የእናንተ አይደለም።

ቸር እንሰንብት።